የታመመ የጓሮ አቮካዶን መመርመር፦ ከሁለት ዛፎቼ የተማርኩት

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ በሚገኝ ሰፈር ቤት ሠርቼ ከገባሁ አሥር ዓመት አልፎኛል። ሰፈሩ ቀደም ሲል ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት የነበረ የእርሻ መሬት ሲሆን፣ አፈሩም ገበሬው ዋልካ ወይም መረሬ የሚለው፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ የሚሰነጣጠቅ፣ በክረምት ደግሞ አብጦ ጫማ የሚያወልቅ ጥቁር አፈር ነው። በሰኔ 2008 ዓ.ም. ሁለት የተዳቀሉ የአቮካዶ ችግኞች ገዝቼ አንዱን ከሳሎኑ መስኮት ፊት ለፊት፣ ሌላውን በጓሮ በኩል ዝቅ ባለው የግቢው ጥግ ተከልኋቸው። ሁለቱም በደህና ጸድቀው በአራተኛው ዓመት ፍሬ ሰጡ። ዛሬ በግቢዬ ያለው ግን ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው። የሕመማቸውን ምክንያት ባለማወቄ ብዙ ወራት አባክኛለሁ፤ ይህን የምጽፈውም በከተማዋ ዳርቻ ቤት ሠርተው ዛፍ የሚተክሉ ሰዎች ያንኑ ጊዜ እንዳያባክኑ በማሰብ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ግቢውን ሳስነጥፍ ነበር። የፍሳሽ ጉድጓድ ሲቆፈር የወጣውን አፈር ከማስጫን ይልቅ እዚያው ግቢ ውስጥ እንዲደለደል አደረግሁ፤ በላዩም ገረጋንቲ ተደፍቶ ከተጠቀጠቀ በኋላ ንጣፍ ድንጋይ ተነጠፈበት። ሠራተኞቹ በዛፎቹ ዙሪያ ክብ ቦታ ትተው ነበር፤ ይሁን እንጂ ክቡን ከንጣፉ እኩል ለማድረግ በአፈር ሞሉት። የሁለቱም ዛፎች ግንድ ሁለት ስንዝር ሊሞላ ጥቂት በቀረው አፈር ተቀበረ። በወቅቱ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ግቢው ተስተካከለ፣ ጭቃውም ቀረልን።

በቀጣዩ ዓመት ምንም የተለየ ነገር አላየሁም። ይህ ራሱ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው፤ ሥሩ የተጎዳ ዛፍ በግንዱና በቅርንጫፎቹ ባጠራቀመው ምግብ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ ምልክቱ ጎልቶ የሚታየው ጉዳቱን ያደረሰው ሰው ያደረገውን ከረሳ በኋላ ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ግን የዛፎቹ አናት መሳሳት ጀመረ። አዲስ የሚወጣው ቅጠል ከቀድሞው በግማሽ ያነሰ፣ ቀለሙም ወደ ቢጫ ያደላ ፈዛዛ አረንጓዴ ሆነ። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ዝናቡ ሳያባራ፣ መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ሳለ፣ ቅጠሎቹ በውሃ ጥም እንደ ተጎዱ ሁሉ ወደ ታች መንጠልጠላቸው ነበር። በዚያው ዓመት የጓሮው ዛፍ ከወትሮው የበዛ ፍሬ ያዘ፤ ፍሬው ግን ትንንሽ ነበር። እኔ ይህን የደህንነት ምልክት አድርጌ ወሰድሁት። የተጨነቀ ዛፍ እንዲህ ብዙና ደቃቅ ፍሬ ሊያፈራ እንደሚችል ያወቅሁት በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ሁሉ ጉዳቱን አባባሰው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ስላየሁ ውሃ የጠማው መስሎኝ ዝናቡ እንዳቆመ በየሁለት ቀኑ በጎማ አጠጣው ጀመር። ሲቀጥል፣ ቢጫነቱ ከምግብ እጥረት የመጣ መስሎኝ በግንዱ ዙሪያ ዩሪያ በተንሁ፤ ከሰፈሩ ከብት አርቢዎች ያመጣሁትን ትኩስ ፍግም ቆለልሁበት። በወሩ የቅጠሎቹ ጫፍ በእሳት እንደ ተለበለበ ቡናማ ሆነ። አቮካዶ ጨው የማይችል ዛፍ ስለሆነ፣ ትኩስ ፍግና የበዛ ማዳበሪያ በአፈሩ ውስጥ የሚፈጥሩት ጨው ቀድሞውኑ የደከመውን ሥር እንደሚያቃጥለው አላውቅም ነበር። በመጨረሻም አንድ የተጎዳ ቅጠል ይዤ ወደ አንድ የግብርና መድኃኒት መሸጫ ሄድሁ፤ ሻጩ ቅጠሉን አገላብጦ አየና ስለ አፈሩም ስለ ውሃውም ሳይጠይቅ የሚረጭ የፈንገስ መድኃኒት ሰጠኝ። ሦስት ጊዜ ረጨሁት፤ ለውጥ አልነበረም። በሰውዬው አልፈርድበትም፤ ቅጠል ብቻ ይዤለት ሄጄ ስለ ሥር እንዲነግረኝ መጠበቅ አልነበረብኝም።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለለቅሶ ወደ ጎረቤታችን የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በችግኝ ጣቢያ ሲሠሩ ያሳለፉ አንድ አዛውንት በአጥሩ በኩል ዛፉን አይተው ሊጠይቁኝ ገቡ።

«ልጄ፣ ውሃ ታጠጣዋለህ?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ በየሁለት ቀኑ አጠጣዋለሁ» አልኋቸው።

«ግንዱ ከመሬት ሲወጣ እንደ ዝሆን እግር ነው ወይስ እንደ መብራት ምሰሶ?»

ጥያቄው ወዲያው አልገባኝም። ጎንበስ ብዬ ሳየው ግንዱ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ወደ አፈሩ ይገባል። ጤነኛ ዛፍ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሰፋ ብሎ፣ ዋና ዋና ሥሮቹ እንደ እግር ጣቶች ተዘርግተው መታየት አለባቸው። ያ መስፋት ከሌለ ወይ ዛፉ ሲተከል ከልክ በላይ ተቀብሯል፣ ወይም በኋላ አፈር ተከምሮበታል። አዛውንቱ ሌላ ብዙ አልተናገሩም፤ «ቅጠሉን ተወውና ከግርጌው ቆፍረህ እይ፤ በዶማ ሳይሆን በእጅህ» ብለውኝ ወደ ለቅሶው ቤት ተመለሱ።

በማግሥቱ ጠዋት ጀመርሁ። እንደ ነገሩኝ ዶማውን ትቼ በሾለ እንጨትና በእጄ አፈሩን ከግንዱ እየገፋሁ ወረድሁ። አንድ ስንዝር ያህል እንደ ወረድሁ የግንዱ ቅርፊት ከግራጫ ወደ ጥቁር ተለወጠ፤ ረጥቦ ለስልሷል፣ በጥፍሬ ስጫነውም ይገባል። አፈሩን ወደ አፍንጫዬ ሳቀርበው የረጋ ጉድጓድ ውሃ ሽታ ነበረው። ጤነኛ አፈር የአፈር ሽታ ይኖረዋል እንጂ አይገማም፤ አየር የሌለበት አፈር ነው እንዲህ የሚገማው። የቀድሞው መሬት ላይ ስደርስ የግንዱን መስፋትና የዋናዎቹን ሥሮች ትከሻ አገኘሁ። ከዚያ ከግንዱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቄ ሌላ ትንሽ ጉድጓድ ቆፈርሁና እንደ ክር የሚቀጥኑትን ሥሮች ፈለግሁ። ያገኘኋቸው ጥቂት ነበሩ፤ ጥቁር ናቸው፣ በሁለት ጣት ሳጎብጣቸውም እንደ ደረቅ ሰንበሌጥ ቀጭ ይላሉ። ለማነጻጸር ፈቃድ ጠይቄ ከጎረቤቴ ጤነኛ አቮካዶ ሥር የደረቀውን ቅጠል ገለጥ አድርጌ አየሁ። እዚያ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ወተት መሳይ ነጭ ሆነው ከቅጠሉ ብስባሽ ጋር ተጠላልፈው ነበር፤ ስጎትታቸው ይለጠጣሉ እንጂ አይሰበሩም። ከወራት ግምት በኋላ እውነቱን ያየሁት በዚያች ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ዛፉ የታመመበት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ አጠገቡ ካለ ጤነኛ ዛፍ ሥር ጋር እንዲያነጻጽር እመክራለሁ።

የሆነውን ነገር በኋላ ከባለሙያ ጋር ተነጋግሬ ተረድቻለሁ። የአቮካዶ ምግብና ውሃ ሰብሳቢ ሥር አብዛኛው የሚገኘው በላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ የሌሎች ዕፅዋት ሥር ያለው ዓይነት ብዙ ጸጉርም የለውም። ስለዚህ አየር በቅርብ ማግኘት አለበት። እኔ በላዩ ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ሊሞላ የቀረበ አፈር ስከምርበትና ገረጋንቲ ስጠቀጥቅበት ያ ሥር ታፈነ። ዋልካ ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ስለሚያብጥ የአየር ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ሥሩ በውሃ ሲታፈን የሚያገኘው ጠላት ደግሞ አለ፤ ፋይቶፍቶራ የሚባል፣ ሻጋታ የሚመስል ጥቃቅን ተሕዋስ ሲሆን፣ ዘሩ በውሃ ውስጥ እየዋኘ ወደ ሥሩ ጫፍ ይሄዳል። በአቮካዶ ላይ ከፍተኛ ጉዳት የሚያደርሰው የዚህ ተሕዋስ ዝርያ ስሙን ያገኘው ከቀረፋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1922 ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው በሱማትራ ደሴት የቀረፋ ዛፎች ታመው ሲመረመሩ ነበርና። እርጥብ አፈር፣ ጥቁርና ተሰባሪ ቀጭን ሥር፣ ደቃቅና ፈዛዛ ቅጠል፣ ከአናት ወደ ታች የሚወርድ መድረቅ አንድ ላይ ከተገኙ ይህ በሽታ መጠርጠር አለበት። ቅጠሉ በእርጥብ መሬት ላይ የሚጠወልገውም ውሃ ስለሌለ ሳይሆን ውሃውን የሚስበው ሥር ስለሞተ ነው። እኔ ያጠጣሁት ውሃ ለበሽታው መንገድ ጠርጎለታል።

የጓሮውን ዛፍ ማዳን አልቻልሁም። የግቢው ውሃ ሁሉ ወደዚያ ጥግ ስለሚወርድ ጉዳቱ የበረታ ነበር። የዛፉን ሕይወት ለማረጋገጥ ከትንሹ ቅርንጫፍ እስከ ዋናው ግንድ ድረስ ቅርፊቱን በጥፍርና በቢላዋ ጫፍ ፋቅ ፋቅ እያደረግሁ አየሁ፤ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ያ ክፍል ሕያው ነው፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ሞቷል። የጓሮው ዛፍ እስከ ግንዱ ድረስ ቡናማ ሆኖ ነበር። በጥር ወር አስነቀልሁት፤ ያን ጊዜም ሌላ ያልጠበቅሁትን ነገር አየሁ። ከጉቶው በታች፣ በ2008 ዓ.ም. ችግኙ የመጣበት ጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት የታችኛው ክፍል እንዳለ ተጣብቆ ነበር። ሥሮቹ በከረጢቱ ውስጥ ሳሉ የያዙትን የክብ ቅርጽ አልለቀቁም፤ ከመካከላቸው አንዱ፣ እንደ አውራ ጣቴ የሚወፍር ሥር፣ ግንዱን እንደ መቀነት ዞሮት በቅርፊቱ ላይ ጎድጓዳ መስመር አበጅቷል። ያን ከረጢት ሲተከል ሙሉ በሙሉ አላወጣሁትም ማለት ነው። በልጅነቱ ያልታየ ስሕተት ግንዱም ሥሩም እየወፈሩ ሲሄዱ አንዱ ሌላውን ያንቃል። ስለዚህ ችግኝ ስትተክሉ ከረጢቱን ቀዳችሁ ሙሉ በሙሉ አውጡ፤ የተጠቀለለውን ሥር በጣታችሁ ዘርጉት ወይም በስለታም ቢላዋ ቁረጡት፤ አፈሩም ችግኙ በከረጢቱ ውስጥ ከነበረበት ከፍታ በላይ እንዳይለብስ ተጠንቀቁ።

የፊት ለፊቱን ዛፍ ግን አተረፍሁት። በመጀመሪያ በግንዱ ዙሪያ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ድረስ የነበረውን ንጣፍና ገረጋንቲ አነሳሁ፤ የተከመረውንም አፈር እስከ ቀድሞው ደረጃ ድረስ በጥንቃቄ ገፈፍሁ። ከፍ ብሎ የቀረው የግቢው ክፍል ተመልሶ እንዳይናድ በድንጋይ ክብ ደገፍሁት። ክቡ የውሃ ማጠራቀሚያ እንዳይሆን ደግሞ ከዝቅተኛው ጎኑ ወደ ውጭ ቦይ ቆፈርሁ። በጥቁር አፈር ላይ ውሃ ማፋሰስ ለአገራችን ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም፤ በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ በእጃቸው ሰፋ ያለ መደብና በመካከሉ ቦይ እየሠሩ ስንዴያቸውን ከክረምት ውሃ ያድናሉ። እኔ ከእርሻ መሬት ላይ ቤት ስሠራ ያን ዕውቀት ከመሬቱ ጋር አብሬ ደለደልሁት።

ማጠጣቱን ወዲያው አቆምሁ። ከዚያ ወዲህ ውሃ የምሰጠው አንድ ስንዝር ቆፍሬ አፈሩን በመዳፌ ስጨብጠው መያያዝ ሲያቅተው ብቻ ነው። በሥሩ ላይ ደረቅ ቅጠል፣ የተከታተፈ ቅርንጫፍና የጤፍ ጭድ ቀላቅዬ አራት ጣት ያህል ጉዝጓዝ አለበስሁት፤ ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር እንዲርቅ አደረግሁ፤ ጉዝጓዝ ከግንድ ጋር ከተጠጋ ቅርፊቱን ያበሰብሳልና። ማዳበሪያ ለአንድ ዓመት ሙሉ አልሰጠሁትም። የደረቁትን ቅርንጫፎች ለመቁረጥ እጄ ቢያሳክከኝም አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ጠበቅሁ፤ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚተርፍ ዛፉ ራሱ ካሳየ በኋላ የሚቆረጠው ትክክለኛው ይሆናል። ቅጠሉ በመሳሳቱ የምዕራቡ ፀሐይ በቀጥታ የሚመታውን የግንዱን ጎን ደግሞ በውሃ የቀጠነ ነጭ የቤት ቀለም ቀባሁት። የአቮካዶ ቅርፊት ቀጭን በመሆኑ ጥላ ሲያጣ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ሌላ በሽታ ይገባል።

ስለ መድኃኒት ለሚጠይቁ አንድ ነገር ልበል። በደቡብ አፍሪካ አቮካዶ አምራቾች ለዚህ የሥር በሽታ ፎስፋይት የሚባለውን ንጥረ ነገር በመርፌ ወደ ግንዱ በመክተት ለብዙ ዓመታት ተጠቅመውበታል፤ ይሠራልም። ነገር ግን ዛፉን ያጠነክረዋል፣ በሽታውን ይገታዋል እንጂ ተሕዋሱን ከአፈሩ አያጠፋውም። አፈሩ ውሃ እያቆረ፣ ግንዱም ተቀብሮ ሳለ የሚሰጥ መድኃኒት ገንዘብ ማባከን ነው። በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ አፈሩን ከግንዱ መግፈፍ፣ ቀጥሎ ውሃውን ማፋሰስ፣ ከዚያ ጉዝጓዝ ማልበስ፣ መድኃኒት ደግሞ ከባለሙያ ጋር ተመክሮ በመጨረሻ መሆን አለበት። የታመመ ዛፍ የተቆፈረበትን አካፋም ሳያጥቡ ወደ ሌላ ዛፍ መውሰድ አይገባም፤ በሽታው በጭቃ ይተላለፋል።

ቢጫ ቅጠል ሁሉ ከሥር መበስበስ የመጣ እንዳይመስላችሁ፣ በሰፈራችን ያየኋቸውን ሌሎች ሁኔታዎች ልጨምር። የጎረቤቴ ሎሚ ሲሚንቶና አሸዋ ይቦካበት ከነበረው ቦታ ላይ ተተክሎ ነበር፤ አዳዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው የደም ሥራቸው ብቻ አረንጓዴ ሆኖ እንደ መረብ ይታያል። ይህ የብረት እጥረት ነው፤ የሲሚንቶው ኖራ አፈሩን ስለሚለውጠው ብረት እያለ እንኳ ሥሩ ሊወስደው አይችልም። በአንጻሩ የሚገረጡት አሮጌዎቹ የታችኛው ክፍል ቅጠሎች ከሆኑና ገርጥተው ወጥ የሆነ ቢጫ ካላቸው የናይትሮጅን እጥረት መጠርጠር ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቅጠሉ ቢጫ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ቢጫ የሆነው አዲሱ ነው ወይስ አሮጌው የሚለው ነው። በሱሉልታ በኩል የሚኖሩ ወዳጆቼ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ በአንድ ሌሊት የውጨኛው ቅጠል ሁሉ ጠቁሮ ያገኙታል፤ ያ ውርጭ ነው፤ ሥር የሚያጠፋው በሽታ በአንድ ሌሊት አይመጣም። አቮካዶ በሚያብብበት ወቅት ብዙ አሮጌ ቅጠል ማርገፉም ጤነኛ ጠባዩ ስለሆነ፣ ከአበባው ጎን አዲስ ቀንበጥ እያወጣ እስከሆነ ድረስ ሊያሳስብ አይገባም። በግንዱ ላይ እንደ ስኳር ነጭ ዱቄት ካያችሁም ዱቄቱ ራሱ በሽታ አይደለም፤ ቅርፊቱ በተጎዳበት ቦታ ሁሉ የዛፉ ፈሳሽ ደርቆ እንዲህ ይሆናል። ከሥሩ ያለው ቅርፊት ጠቁሮ ረጥቦ እንደሆነ ግን ፋቅ አድርጋችሁ እዩ።

ችግኝ ከመትከላችሁ በፊት አፈራችሁን መመርመር ለምትፈልጉ ደግሞ እኔ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ክንድ የሚያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ እቆፍርና በማታ ውሃ እሞላዋለሁ፤ ውሃው ሲሰርግ ደግሜ እሞላዋለሁ። በማግሥቱ ጠዋት ውሃው እዚያው ቆሞ ከተገኘ በዚያ ቦታ አቮካዶ ከመሬቱ እኩል አይተከልም። በጓሮዬ ጥግ ያደረግሁት ሙከራ ውጤቱ ይኸው ነበር፤ በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ውሃው ከግማሽ በላይ ነበር። የሞተው ዛፍ የነበረበትን ቦታ ለአትክልት ትቼ፣ አዲሱን ችግኝ ከዚያ ራቅ አድርጌ በጉልበቴ ልክ ከፍ ባለ፣ ሁለት ሜትር በሚሰፋ የአፈር ቁልል ላይ በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ተከልሁት።

የፊት ለፊቱ ዛፍ አፈሩ በተገፈፈለት በስድስተኛው ወር፣ በግንቦት 2015 ዓ.ም.፣ ከወፍራሞቹ ቅርንጫፎች ላይ ቀይ ቡናማ ቀንበጥ ማውጣት ጀመረ። በ2016 ዓ.ም. ቅጠሉ ወደ ቀድሞ ስፋቱ ሲመለስ አናቱ ላይ የደረቁትን ሦስት ቅርንጫፎች ቆረጥሁ። በ2017 ዓ.ም. ፍሬ ያዘ፤ ከቀድሞው ያነሰ ቢሆንም ፍሬው ደህና መጠን ነበረው። ክረምት በገባ ቁጥር አሁንም በጠዋት ወጥቼ ቦዩን ከቅጠልና ከጭቃ አጸዳለሁ፤ በየሁለት ሳምንቱም ጉዝጓዙን ገልጬ ነጩን ሥር እፈልጋለሁ። ባለፈው ሐምሌ ስገልጠው ከጭዱ ጋር ተጠላልፎ አገኘሁት።